ሃያ ዋት በገበዝ ማርያም

  

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ሰሌዳ ከአንድ ደብተር አይበልጥም። ከሥሩ የአሉሚኒየም ብረት አለው። መካከሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ ሁለት ጥቁር ትራንዚስተሮች በብሎን ታስረዋል። በአንድ ወገን 1 ዋት ይገባል፤ በሌላው ወገን 20 ዋት ይወጣል። የአማተር ራዲዮ ኃይል ማጉያ የሚባለው ይኸው ነው። እጄ ነው የሠራው። ዛሬ የማወራችሁ እንዴት እንደሠራሁትና 20 ዋት ላይ ለምን እንዳቆምኩ ነው።

አማተር ራዲዮ ለገንዘብ የማይሠራ፣ ለመማርና ለመሞከር የሚሠራ የራዲዮ ግንኙነት ነው። የራስህን ማሠራጫ ትዘረጋለህ፤ ያንተን መሰል ሰው ከሌላ አገር ይመልስልሃል። ተማሪዎች ይህን ስነግራቸው የሚቀድማቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ሺህ ዋት ያስፈልጋል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከጣቢያ ሳይሆን ከዚህ ከቋሪት ተራራ ልጀምረው።

ከወንዝ ማዶ ያለ ጎረቤቱን የሚጠራ ገበሬ የሚያደርገውን አስተውሉ። ከጎድጓዳው ወጥቶ ጉብታው ላይ ይቆማል። ነፋሱ ጋብ እስኪል ይታገሣል። ስሙን እየሳበ ይጠራል። ከዚያ ዝም ይልና ጆሮውን ይሰጣል። ድምፁ የጎረነነ ስለሆነ ብቻ ከጉድጓድ ሆኖ የሚጮህ ሰው ግን ራሱን ከማድከም በቀር ማዶ አይሰማም። ቦታ፣ ጊዜ፣ ጥራት፣ ማዳመጥ፤ ጉልበት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። በራዲዮም ሥርዓቱ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ነፋስ ስልክ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን የሰጠው የሽቦ አልባ መገናኛው ጣቢያ ነው። ሽቦ ሳይዘረጋ ቃል የሚያደርስ መሣሪያ ቢያዩ አባቶቻችን የነፋስ ስልክ አሉት። ከዚህ የተሻለ ስም እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

ይህ የነፋስ ስልክ በእኛ ተራሮች ላይ የጭንቅ ቀንም አይቷል። ጣሊያን አገሩን ይዞ፣ አርበኞች ዱር ገብተው ሳለ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው «ሚሽን 101» የተባለ ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ገባ። ከጭነቱ መካከል ራዲዮ ነበረ። ካርቱም ካለው አዛዥ ጋር የሚነጋገረው በእሱ ነው። በኅዳር 1933 ዓ.ም. ሻለቃ ኦርድ ዊንጌት በትንሽ አውሮፕላን መጥቶ ሳንድፎርድን ያገኘው እዚሁ ጎረቤታችን ሰከላ፣ የግሽ ዓባይ አገር ነው። በየካቲት 1933 ማብቂያ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። የአርበኞቹን ተጋድሎ አባቶች ከእኔ በተሻለ ትነግሩናላችሁ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ያ ራዲዮ ነው። ከሰከላ እስከ ካርቱም በአየር መስመር 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ሁሉ ተራራና በረሃ መልእክቱን ያሻገረው የጭነት ከብት ተሸክሞት የሚወጣ መሣሪያ ነው። ከብት የሚሸከመው ባትሪ ስንት ዋት ሊያወጣ እንደሚችል አስቡት።

መልእክቱ የተሻገረበት ምክንያት ሰማዩ ነው። ከምድር በላይ ከ100 ኪሎ ሜትር እስከ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ድረስ የፀሐይ ብርሃን ስሱን አየር በኤሌክትሪክ ይሞላዋል። አዮኖስፌር ይባላል። የአጭር ሞገድ ራዲዮ ወደዚያ ሲወጣ ጎብጦ ወደ ምድር ይመለሳል። እኛ ደግሞ በዚህ ነገር ልዩ አገር ላይ ነን። የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በወገቡ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ ሲጀምር ከሚከታተላቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ጅረት ነበር። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዛሬ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አለው፤ ስሙን በቅኔ ቤቱ በዋሸራ ሰይሞታል። ልጆች፣ ፈረንጅ መሣሪያ ተሸክሞ ሊያየው የሚመጣው ሰማይ ከቤታችሁ ጣራ በላይ ነው።

እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ የአባቴ ራዲዮ ነው። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ማታ ዜና ሲደርስ የሞቀውን ድንጋይ መልሰን እንከታለን፤ ድምፁ ትንሽ ይነሣና ይወርዳል። አባቴ ግን ጆሮውን አስጠግቶ ዜናውን እስከ መጨረሻው ይሰማ ነበር። ደካማን ድምፅ ማዳመጥ የተማርኩት ከእሱ ነው።

በኋላ አዲስ አበባ 5 ኪሎ ስማር በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ አወቅሁ። የጥሪ ምልክቱ ኢቲ 3 ኤኤ ነው። ኢቲ የኢትዮጵያ መለያ ነው። በዓለም አማተሮች ዘንድ ኢትዮጵያ ብርቅ ስለሆነች ያ ጥሪ አየር ላይ ሲወጣ ከአውሮፓም ከእስያም በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ይመልሳል፤ እንደ ገበያ ጩኸት ይሆናል። ከዚያ ሁሉ መካከል ጆሮ የሚገባው ብዙ ጊዜ ኃይለኛው አልነበረም። አዳምጦ፣ ተራ ጠብቆ፣ ባዶ ቦታ ፈልጎ በንጹሕ ድምፅ አንዴ የጠራው ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ እዚህ ላይ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። ጆሮም ራዲዮም ኃይልን በመደመር አያዩትም፤ በማባዛት ነው የሚያዩት። መለኪያው ዴሲቤል ይባላል። ኃይል እጥፍ ሲሆን 3 ዴሲቤል ይጨምራል። በራዲዮ መቀበያ ላይ ያለው የጥንካሬ መርፌ አንድ እርከን ለመውጣት 6 ዴሲቤል ይፈልጋል፤ ይህ ማለት ኃይሉ 4 እጥፍ መሆን አለበት። ከ5 ዋት ወደ 20 ዋት ብትወጡ መርፌው አንድ እርከን ብቻ ይነሣል። ከ20 ወደ 80 ዋት ብትወጡ አሁንም አንድ።

በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀውን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ትልልቆቹ ያስታውሱታል። በ1969 ዓ.ም. መንግሥት ወረሰው። ገጃ ላይ የቆሙት ሁለቱ የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎቹ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ነበሩ፤ 100 ሺህ ዋት ማለት ነው። ከዚህች ሰሌዳ 5 ሺህ እጥፍ። በዴሲቤል አስሉት፤ 37 ይመጣል። በመርፌው ላይ ስድስት እርከን ብቻ! ይህን ስሌት መጀመሪያ በወረቀት ስሠራ ተሳስቻለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ስሌቱ ትክክል ነው። ያን ያህል ግንብ፣ ያን ያህል መብራት የበላው ጣቢያ በእኩል አንቴና ቢለካ ከዚች ሰሌዳ የሚበልጠው ስድስት እርከን ነው። ተራው ሰው በርካሽ ራዲዮ በየጎጆው እንዲሰማ ያ ስድስት እርከን የግድ ነበር። አዳማጩ ግን እንደ አባቴ ጆሮውን የሚያስጠጋ ከሆነ 20 ዋት ይበቃል።

ስለዚህ ገንዘባችሁን በማጉያ ላይ ከማዋላችሁ በፊት አንቴናውን አቁሙ። ለ7.1 ሜጋ ኸርዝ ጠቅላላ ርዝመቱ 20 ሜትር ያህል የሆነ የመዳብ ሽቦ ይበቃል፤ መካከሉ ላይ ተቆርጦ በግራ 10፣ በቀኝ 10 ሜትር ይሆናል። ምሰሶ ፍለጋ ከተማ መሄድ አያስፈልግም፤ ባሕር ዛፍ ደጃችን ሞልቷል። ሁለት ቀጥ ያሉ አጣናዎች 8 ሜትር ላይ ሽቦውን ከያዙ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣና እንደ ዝናብ በዙሪያው ይወርዳል። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ በአየር መስመር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጮቄ ተራራም የዓባይ በረሃም አያግደውም፤ ከላይ ነውና የሚመጣው። ሽቦው መሬት ለመሬት ተጎትቶ ከሆነ ግን ከኃይላችሁ የሚበዛውን አፈሩ ይጠጣዋል።

አንቴናው ቆሞ፣ ጆሮ ሠልጥኖ፣ 1 ዋቱ በጫጫታ ውስጥ እየሰጠመ ካስቸገረ ያን ጊዜ ማጉያ ይሠራል።

ሁለቱ ትራንዚስተሮች አይአርኤፍ 510 ይባላሉ። የተፈጠሩት ለራዲዮ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ለማብራትና ለማጥፋት ነው። ርካሽ ስለሆኑ የዓለም አማተሮች ከማብሪያነት ወደ ራዲዮ አዛወሯቸው። ለምን ሁለት ሆኑ? የቡሬ በርበሬ ሲወቀጥ አይታችሁ እንደሆነ መልሱን ታውቁታላችሁ። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ የአንዷ ዘነዘና ሲወርድ የሌላዋ ይነሣል። ሙቀጫው ባዶ ሰዓት የለውም፤ እያንዳንዷ ግን በመካከል ትንፋሽ ታገኛለች። ሁለቱ ትራንዚስተሮችም እንዲሁ ናቸው፤ የሞገዱን የላይኛውን ግማሽ አንዱ፣ የታችኛውን ግማሽ ሌላው ይወቅጣል። አንደኛዋ ዘግይታ ዘነዘናው ቢጋጭ ዜማው ይሰበራል፤ ስለዚህ ሁለቱ በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት ጠባይ ያላቸው ተመርጠው ይጣመራሉ። አሥር ገዝቶ እየለኩ የሚመሳሰሉትን ሁለት ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኔ ያን ግማሽ ቀን ከሁሉ እወደዋለሁ።

የመጀመሪያው ማጉያዬ ግን ገና ሳይናገር ሞተ። የትራንዚስተሩ ጀርባ ብረት ነው፤ ያ ብረት በውስጥ ከኤሌክትሪኩ መውጫ ጋር የተያያዘ ነው። ከአሉሚኒየሙ ጋር ሲታሰር በመካከል ሙቀት የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ የሚካ ቁራጭ መግባት አለበት፤ ብሎኑም የፕላስቲክ ቀለበት ይፈልጋል። ሚካውን አስገብቼ የብሎኑን ቀለበት ረሳሁ። ባትሪውን ሳገናኝ ጭስ አየሁ፤ ማጉያው ሄደ። ፊውዝ አላደረግሁለትም ነበር። ለወራት አጠራቅሜ ያስመጣሁት ዕቃ በአንድ ቅጽበት ሲጠፋ ያዘንኩት ኀዘን ዛሬም አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባትሪ ከማገናኘቴ በፊት በመለኪያው ከትራንዚስተሩ ጀርባ ወደ አሉሚኒየሙ እለካለሁ። ፊውዝም ከሁሉ በፊት ይገባል።

ሙቀት ትልቁ ጉዳይ ነው። ይህ ሰሌዳ 20 ዋት ሲያወጣ ከባትሪው 40 ዋት ያህል ይጠጣል፤ በ13.8 ቮልት 3 አምፔር ማለት ነው። የቀረው 20 ዋት ሙቀት ሆኖ አሉሚኒየሙን ያሞቃል። የተከተልኩት የማጉያ መሥሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የአሉሚኒየም መጠን በቆላ ለሚኖር ሰው ነው። በ2500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአምስት እጅ አንዱን ያህል ስለሚሳሳ ሙቀት የሚወስድ ነፋስ ያንሳል። ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ የማይሞቅ የሚመስለው ሰው አለ፤ ብርዱ ይረዳል እንጂ የአየሩን ስስነት አይሽረውም። ስለዚህ እኔ ብረቱን ከመጽሐፉ አሰፋሁት።

ይህ ትራንዚስተር ሲሞቅ ደግሞ ክፉ ጠባይ ያመጣል። እንዲነቃ «ጌት» በሚባለው መቆጣጠሪያ እግሩ ላይ 4 ቮልት የሚጠጋ ትንሽ ግፊት ይሰጠዋል፤ ባያስ እንለዋለን። ሲሞቅ ግን በዚያው ግፊት ብዙ ጅረት ይለቃል፤ ብዙ ሲለቅ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይብስበታል። ልጓም እንደጣለ ፈረስ ነው። ልጓሙ ትንሽ ዳዮድ ናት፤ ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣብቃ ሙቀቱ ሲጨምር ግፊቱን ዝቅ ታደርጋለች። ባያሱን ስታስተካክሉ ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ አንሡት፤ ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ አምፔር ያህል ሲደርስ አቁሙ።

ሌላው ጠላት ራሱን የሚሰማ ማጉያ ነው። ሠርግ ቤት ማይክራፎኑ ወደ ሞንታርቦው ሲዞር የሚወጣውን ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ታውቃላችሁ። የወጣው ድምፅ ተመልሶ ይገባል፤ ጎልቶ ይወጣል፤ ደግሞ ይገባል። በራዲዮ ማጉያም መውጫው ወደ መግቢያው ከተጠጋ እንዲሁ ይጮኻል። ልዩነቱ ይህን ጩኸት ጆሮ አለመስማቱ ነው፤ የምታውቁት ትራንዚስተሩ ሲቃጠል ነው። ሁለተኛው ማጉያዬ የሄደው በዚህ ነው። መግቢያውና መውጫው ተራርቀው በሁለቱ ጫፍ እንዲሆኑ፣ ሽቦዎቹም አጭር እንዲሆኑ ያደረግሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሞንታርቦውን እስከ ጥግ ሲከፍቱት ዘፈኑ እንደሚቀደድ ሁሉ ማጉያም ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ሞገዱ ይቀደዳል። የተቀደደው ሞገድ ግራና ቀኝ ተፈናጥሮ የሌሎችን መስመር ያበላሻል። 20 ዋት የሚያወጣውን ማጉያ 30 እንዲያወጣ ማስጨነቅ ሁለት ዴሲቤል እንኳ አይጨምርም፤ የጎረቤትን ሰላም ግን ይወስዳል። ይህን በቀላሉ አላየውም። አየሩ የጋራ ነው፤ እንደ ምንጭ ውሃ ነው። ከላይ ያለ ሰው ካደፈረሰው ከታች ያለው ምን ይጠጣል?

በንጽሕና የተሠራ ማጉያም ቢሆን ያልተፈለገ ነገር ይዞ ይወጣል። 7.1 ሜጋ ኸርዝ ስታስገቡ 14.2ም፣ 21.3ም አብሮ ይወለዳል። ሁለቱ ወቃጮች እኩል ከሆኑ 14.2ን ያጠፉታል፤ 21.3 ግን ይቀራል። ለዚህ ወንፊት ያስፈልጋል። የራዲዮ ወንፊት ከመዳብ ጥቅልና ከካፓሲተር ይሠራል፤ ዝቅተኛውን ያሳልፋል፣ ከፍተኛውን ያስቀራል። የፌራይት ወይም የብረት ዱቄት ቀለበት ካልተገኘ ለመብራት ሽቦ የሚቀበረው 20 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ላይ 9 ዙር ያህል መጠቅለል ይቻላል። ሽቦው ከተቃጠለ ሞተር ይወጣል። ያለ ወንፊት አንቴና ማገናኘት ያልተነፋ ዱቄት ለእንግዳ እንደ መጋገር ነው።

እስከዚህ ያለው ሙከራ ሁሉ ያለ አንቴና ይሠራል። ባለ 1 ኪሎ ኦም፣ ባለ 2 ዋት ሬዚስተሮች 20 ፍሬ ጎን ለጎን ቢያያዙ 50 ኦም ይሆናሉ፤ 40 ዋት ይችላሉ። ማጉያው አንቴና ያገኘ ይመስለዋል፤ ኃይሉ ግን ሙቀት ሆኖ እዚያው ያልቃል። አንድ ተማሪ በዚህ ብቻ ዓመት ሙሉ ሊማር ይችላል። ለባትሪም የባጃጅ ወይም የሶላር 12 ቮልት ይሆናል።

በመብራት አምፖል መልክ የተሠሩትን የድሮ የቫኪዩም ቱቦ ማጉያዎች አታምጡብኝ። ከሺህ ቮልት በላይ የሚጠይቁ አሉ፤ ከተነቀሉ በኋላ እንኳ ካፓሲተራቸው ውስጥ ሰው የሚገድል ኃይል ይቀራል። ብቻውን የሚማር ልጅ በእነሱ እንዲጀምር አልፈቅድም።

ስለ ፈቃድ የምናገረውን ወላጆችም አድምጡኝ። ማሠራጫን አየር ላይ ማውጣት የሚቻለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድና የጥሪ ምልክት ሲሰጥ ብቻ ነው። ምንነቱ ያልታወቀ አንቴና በጓሮ ማቆም ልጅን ለአደጋ መስጠት ነው። የአማተር ሕግ በዓለም ሁሉ ንግግሩ ግልጽ እንዲሆን፣ በምሥጢር ቋንቋ እንዳይሸፈን ያዛል፤ የንግድ ጉዳይም አይነገርበትም። እኔ ይህን ሰሌዳ ከአንቴና ጋር ያገናኘሁት ፈቃድ ባለው ጣቢያ ብቻ ነው። እዚህ ገበዝ ማርያም የምመኘው አንድ የትምህርት ቤት ክበብ በስሙ ፈቃድ አግኝቶ፣ በመምህር እየተመራ፣ ከ5 ኪሎ ተማሪዎች ጋር በ7 ሜጋ ኸርዝ ሲነጋገር መስማት ነው። ፈቃዱ እስኪመጣ የሚሠራ ሥራ ሞልቷል፤ ማዳመጫው ይሠራል፣ አንቴናው ይለካል፣ ማጉያው በሬዚስተሮቹ ላይ ይፈተናል።

እንግዲህ ቅረቡ። ባትሪው ተነቅሏል፣ ለክቼዋለሁ፤ እጃችሁን መዘርጋት ትችላላችሁ። የዚህን ሰሌዳ ወንፊት ሁለተኛ ጥቅል አብረን እንድንሠራው ሆን ብዬ ፈትቼዋለሁ። ቱቦው ይኸው፣ ሽቦው ይኸው። አንቺ ከፊት ያለሽው ቱቦውን ያዢልኝ፤ አንተ ደግሞ ሽቦውን ወጥረህ ጠቅልል፤ ዙሮቹ እንዳይደራረቡ። ሌሎቻችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ፤ አንድ፣ ሁለት...